አጥንት የደበቀው እርሳስ፦ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ስለ አእምሮ የምንሳሳታቸው ነገሮች

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። በአማርኛ «እርሳስ» ልጆች የሚጽፉበትም ነው፣ ብረቱም ነው። የተማሪው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ለነገሩ እርሳስ የለበትም። የማወራው ስለ ብረቱ ነው፣ ስለ መርዛማው፦ አጥንት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ የወር አበባ ሲቆም ስለሚወጣውና አእምሮን ስለሚነካው። በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ብዙ ጊዜ የምንላቸው ነገሮች ናቸው፤ መልሱ ከሥራቸው አለ።

«እኔ ፋብሪካ አልሠራሁ፣ ቀለም አልቀባሁ። እርሳስ ከየት ያገኘኛል?»

ከመኪና ጭስ። ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር። ለመኪና መሸጡን መጨረሻ ላይ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ እሱም በ2021። እንግዲህ ዛሬ ሃምሳ ያለፋት ከተሜ ሴት ወጣትነቷን ያን ጭስ እየተነፈሰች ነው ያሳለፈችው። አሮጌ ቀለም፣ አንዳንድ ኩል፣ ከውዳቂ ብረት ቀልጦ የተሠራ ድስትም አለ። ሲጋራም እንዲሁ።

«ያ ድሮ ነው፣ ከሰውነቴ ወጥቶ አልቋል»

ከደም፣ አዎ። ደም ውስጥ የገባው በአንድ ወር ግድም በግማሽ ይቀንሳል። አጥንት ግን ሌላ ነገር ነው። እርሳስ ካልሲየምን ስለሚመስል አጥንት ተታሎ ያስገባዋል፤ ከገባ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። በአዋቂ ሰው አካል ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው እዚያው ነው።

የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል። አጥንት ከሚገነባው በላይ ይፈርሳል። ካልሲየሙ ሲወጣ እርሳሱም አብሮ ይወጣል፣ ወደ ደም ይመለሳል። በአሜሪካ አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳዎች የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ገና ካልቆመላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፦ ሴትየዋ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ መርዙ ከገዛ አጥንቷ እየወጣ ነው።

«ንዴቱም መርሳቱም የማረጥ ነው፣ ቻይው»

ይሄ «ቻይው» ብዙ እናቶችን ጎድቷል። «እማዬ ደግሞ ተነጫነጨች» እንላለን፣ በዚያው እናልፈዋለን። እርሳስ የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩበትን መንገድ ያውካል። መጠኑ ሲበዛ ብስጭት፣ ድብርትና የማስታወስ ችግር ያመጣል። ለእርሳስ ደግሞ «ይሄን ያህል ጉዳት የለውም» የሚባል መጠን አልተገኘም።

«እንግዲያው ጭንቀቴ ሁሉ ከኬሚካል ነው»

ቀስ በሉ። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ውጤቱ የተደበላለቀ ነው። በአሜሪካ ነርሶች ላይ በተደረገ ጥናት የአጥንት እርሳስና የድብርት ምልክት ተያይዘው የታዩት የወር አበባቸው ባልቆመና ቆሞም የሆርሞን መድኃኒት ሳያቋርጡ በወሰዱ ሴቶች ላይ ነው። በሌሎቹ ላይ አልታየም። የሆርሞኑ መዋዠቅ ራሱ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ስሜትን ያውካሉ። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ድብርት መንስኤው ምንም ይሁን ምን ይታከማል። እርሳስ የሚያሰጋ ነገር ካለ የደም ምርመራ ይጠየቃል።

«ደም የሚያጠራ ቅጠል ጠጥቼ አወጣዋለሁ»

አይወጣም። እንዲያውም አንዳንድ የባህል መድኃኒት ራሱ እርሳስ ተገኝቶበታል። እርሳስን ከደም አስሮ የሚያስወጣ የሆስፒታል መድኃኒት አለ። እሱ ግን መጠኑ በጣም ለናረበት ሰው ነው፣ ያውም በሐኪም ክትትል። ለቀረነው የሚጠቅመው አጥንቱ ቶሎ እንዳይፈርስ ማድረግ ነው፦ በቂ ካልሲየም (ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ይመከራል)፣ ቫይታሚን ዲ፣ በእግር መሄድ። አሰልቺ ምክር ነው፣ አውቃለሁ።

«ድስቴ ያብረቀርቃል፣ ምን ይኖርበታል?»

እርሳስ ሽታም ጣዕምም የለውም። ማብረቅረቁ ምንም አይነግርሽም። ድስቱ ከውዳቂ አልሙኒየም የተቀለጠ ከሆነ ቲማቲም የበዛበት ወጥ አትሥሪበት፣ ሎሚ ያለበትም አታሳድሪበት። ጎምዛዛ ነገር እርሳሱን ይስባል።