ሪቫይቫል ምንድን ነው?

«ሃያስያን በ1975 ‹ቺካጎ› የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ቸል አሉት፤ በ1996 ያንኑ ተውኔት አወደሱት። እንዲህ የሚዋዥቅ ሂስ ምን ይረባል?» የሚል አስተያየት በየጊዜው ይመላለሳል። ስህተቱ «ያንኑ» የምትለው ቃል ላይ ነው። (ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ሪቫይቫል ማለት ከመድረክ የወረደ ሥራ፣ የተጻፈው ታሪክና ዜማው ተይዞ እንደገና ሲዘጋጅ ነው። ጎጆ ቤት እናስብ። ምሰሶው ድርሰቱና ዜማው ነው፤ ክዳኑ ተዋንያኑ። ሣሩ ሲያረጅ ይነሣና በአዲስ ይከደናል፤ ቤቱ ግን ያው ነው። «ዘ ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» በብሮድዌይ (በኒውዮርክ የትልልቅ ቲያትር ቤቶች ሰፈር) ከ1988 እስከ 2023 ለ13,981 ጊዜ ሲታይ ተዋንያኑ ደጋግመው ተተክተዋል፤ ያ ሁሉ ግን አንድ ዝግጅት ነው። ሪቫይቫል የሚባለው ጎጆው ፈርሶ ምሰሶው ሌላ ግቢ ሲተከል ነው። በሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊዞር፣ ግድግዳው በጭቃ ፋንታ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ሃያሲው «ቤቱ ጨለመብኝ» ሲል ምሰሶው ነቅዟል ማለቱ አይደለም፤ መስኮቱ ያለቦታው ወጥቷል ማለቱ ነው።

ምሳሌው ዘየሐጽጽ (ጎደሎ) ነው፤ ጎጆ ሰው ባይኖርበትም ይቆማል፣ ተውኔት ግን ካልተጫወቱት የለም። ሃያሲ ምሰሶውን ለብቻው አያገኘውም፤ የሚያየው ሁልጊዜ በአንድ አዘጋጅ እጅ ውስጥ ሆኖ ነው።

ወደ «ቺካጎ» እንመለስ። የአዘጋጁና የውዝዋዜ አቀናባሪው የቦብ ፎሲ የ1975 ዝግጅት 936 ጊዜ ታየ፤ ለብሮድዌይ ከፍተኛ ሽልማት ለቶኒ በ11 ዘርፍ ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። በዚያው ሽልማት ተፎካካሪው ሙዚቃዊ ተውኔት «ኤ ኮረስ ላይን» 9 ወስዷል። የ1996ቱ የተነሣው በኒውዮርክ ሲቲ ሴንተር ከቀረበ የኮንሰርት ትርኢት ነው፤ ሙዚቀኞቹ መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልብሱ ጥቁር ነው፣ የመድረክ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ያዘጋጀው ዋልተር ቦቢ ሲሆን ውዝዋዜውን በፎሲ ስልት ያቀናበረችው አን ራይንኪንግ ናት። ታሪኩ ችሎት ነፍሰ ገዳይን እንዴት ዝነኛ እንደሚያደርግ ነው፤ አሜሪካውያን ደግሞ በነፍስ ግድያ የተከሰሰውን የዝነኛውን ስፖርተኛ የኦ ጄ ሲምፕሰንን ችሎት በቴሌቪዥን ተከታትለው ከጨረሱ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር። 6 ቶኒ ወሰደ። ዝግጅቱም ተመልካቹም ሌላ ሆነው ሳለ ሂሱ ለምን አንድ ይሁን?

ሁለተኛው ወቀሳ «ሃያስያን ካልነካችሁት አረጀ፣ ከነካችሁት ተበላሸ ይላሉ» የሚለው ነው። እነዚህ ግን በሁለት የተለያዩ ዝግጅቶች ላይ የተሰጡ ሁለት ፍርዶች ናቸው። በ2016 «ካትስ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ወደ ብሮድዌይ ሲመለስ አዘጋጁ ያው ትሬቨር ነን፣ የመድረክ ንድፉም ያው የጆን ናፒየር ነበር፤ «ለምን አሁን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነበር። በ2024 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ በሌሎች አዘጋጆች እጅ ወደ ኳየር (የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የትራንስጀንደሮች) ማኅበረሰቡ የቦልሩም፣ ማለትም የአለባበስና የውዝዋዜ፣ ውድድር ዓለም ተወሰደ፤ ዜማው የሚታወቀው ሆኖ ሳለ ሃያስያን በደስታ ተቀበሉት። በ2019 የዳንኤል ፊሽ «ኦክላሆማ!» ቃሉን ከሞላ ጎደል እንዳለ ይዞ፣ 28 የነበሩትን ሙዚቀኞች ወደ 7 አወረደ። ምርጥ ሪቫይቫል ተብሎ ቶኒ ቢሸለምም ቅር የተሰኘው ተመልካች ብዙ ነበር። ቃል ሳይነካ የመሣሪያው ቁጥር ብቻ የሥራውን ስሜት ይለውጣል፤ ስለዚህ ስለ ኦርኬስትራው አንዲት መስመር የሌለውን የሙዚቃዊ ተውኔት ሂስ በጥንቃቄ ማንበብ ይበጃል።

ከዚህ የሚከብደው ሪቫይቫል ሳይባል የሚለወጠው ነው። የለንደኑ «ፋንተም» በ2021 ከኮቪድ ወረርሽኝ መዘጋት ሲመለስ ሙዚቀኞቹ ከ27 ወደ 14 ወርደዋል። የለንደኑ «ሌ ሚዜራብል» ዕድሜው የሚቆጠረው ከ1985 ጀምሮ ነው፤ ነገር ግን በ2019 መጨረሻ የቀድሞው ዝግጅት በአዲስ ተተክቷል፣ የሚሽከረከረው የመድረክ ወለልም ቀርቷል። «ለረጅም ዘመን የታየ» የሚለው ክብረ ወሰን የሚቆጥረው ርዕሱን ነው። ያንን ተሽከርካሪ ወለል የሚያወድስ የድሮ ሂስ አንብቦ ዛሬ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው፣ ወለሉን አያገኘውም።