ሶሮሪቲ በሃዋርድ፦ እህትነቱም ሥራውም

አሜሪካ ኮሌጅ የገባ ሰው ስለ ሶሮሪቲ ሳይሰማ አይመረቅም። በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ የሴት ተማሪዎች ማኅበራት ናቸው። ፊልም ላይ የምናየው ትልቅ ቤት፣ ድግስና አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ልጆችን ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ብዙም አይታይም። እኔ እዚህ የማወራው በተለይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሶሮሪቲዎች ነው። የአብዛኞቹ መነሻ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። እነሱን የመረጥኩት በእነሱ ዘንድ ጓደኝነቱና የበጎ ፈቃድ ሥራው አብረው ስለተወለዱ ነው። ሥራው ቢወጣ ጓደኝነቱ ይህን ያህል ዘመን ባልቆየም ነበር ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ እንለፍ። ካፓ አልፋ ቴታ በ1870 ኢንዲያና ውስጥ ዛሬ ዲፓው በሚባለው ኮሌጅ ተመሠረተ። በ1902 ደግሞ መሰሎቹ ማኅበራት አንድ የጋራ ጉባኤ አቋቋሙ፤ ዛሬ 26 አባል ማኅበራት አሉት። ብዙዎቹ ግቢው አጠገብ የራሳቸው ቤት አላቸው፣ ልጆቹ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይበላሉ። ጥሩ ሥራ የሠሩም አሉ፤ ፓይ ቤታ ፋይ በ1912 ቴነሲ ተራራ ላይ፣ ጋትሊንበርግ፣ ለድሃ የገጠር ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቷል። ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት በራቸው ለጥቁር ሴቶች ዝግ ነበር። አላባማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነባሮቹ የነጮች ሶሮሪቲዎች ጥቁር ልጆችን በርከት አድርገው የተቀበሉት ገና በ2013 ነው፤ ያውም ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ተማሪው ሰልፍ ከወጣ በኋላ።

ሃዋርድ ላይ ነገሩ የተጀመረው ጃንዋሪ 15 ቀን 1908 ነው። ኤቴል ሄጅማን የምትባል ከሴንት ሉዊስ የመጣች ተማሪ ጓደኞቿን ሰብስባ አልፋ ካፓ አልፋን መሠረተች። ሐሳቡን የሰጠቻት ራሷ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተምራ እዚያ ስለነበረው የሴቶች ማኅበር ያወራችላት አንዲት መምህርት ናት። ያን ጊዜ ኮሌጅ የምትገባ ጥቁር ሴት በጣት የምትቆጠር ነበረች። ቀለማቸውን ሮዝና አረንጓዴ አደረጉ። ዛሬ እንደ መሥራች የሚቆጠሩት 20 ሴቶች ናቸው፤ አባላቱ 20 ዕንቁ ያለው ሐብል የሚያደርጉትም ለዚሁ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ጠብ መጣ። በ1912 ገና ተማሪ የነበሩት አባላት ስሙም ቀለሙም ይቀየር፣ ማኅበሩም ከግቢ ወጥቶ የአገር ጉዳይ ውስጥ ይግባ አሉ። ኔሊ ኳንደር የምትባል በዚያው ዓመት የተመረቀች አባል በፍጹም አለች። አልተስማሙም። 22ቱ ወጥተው ጃንዋሪ 13 ቀን 1913 ዴልታ ሲግማ ቴታን መሠረቱ። ኳንደርም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ በዚያው ወር አልፋ ካፓ አልፋን በሕግ አስመዘገበች። ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር ለማለት አልፈራም፤ አንዱ ስሙን አቆየ፣ ሌላው መንገድ ከፈተ።

የዴልታ ልጆች ሁለት ወር ሳይሞላቸው አደባባይ ወጡ። ማርች 3 ቀን 1913፣ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ቃለ መሐላ ሊፈጽም አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው ዋሽንግተን ላይ ትልቅ ሰልፍ አደረጉ። አዘጋጆቹ የደቡብ ነጮችን ላለማስቀየም ጥቁር ሴቶች ከኋላ ይሁኑ ማለታቸው ይታወቃል። የሃዋርድ ተማሪዎቹ ይህን እያወቁ ነው የተሰለፉት። ለአንድ የተማሪዎች ማኅበር የመጀመሪያው የሕዝብ ሥራ ይህ መሆኑን ልብ በሉ።

በ1920 ዜታ ፋይ ቤታ ተጨመረ፤ አምስት ሴቶች እዚያው ሃዋርድ ላይ የመሠረቱት ነው። ጸሐፊዋ ዞራ ኒል ኸርስተን ቀደምት አባሉ ነበረች። ሲግማ ጋማ ሮ ደግሞ በ1922 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሰባት መምህራት ያቋቋሙት ነው፤ ከአራቱ ከሃዋርድ ውጪ የተወለደው እሱ ብቻ ነው። አራቱ የሴቶችና አምስቱ የወንዶች ማኅበራት ዛሬ በአንድ ምክር ቤት ሥር ናቸው። ሰዉ ዘጠኙን አንድ ላይ «ዲቫይን ናይን» ይላቸዋል።

አሁን ወደ ዕለት ተዕለቱ ኑሮ እንምጣ። የጥቁር ሶሮሪቲዎች አብዛኛውን ጊዜ ቤት የላቸውም። ልጆቹ የሚኖሩት ዶርም ወይም ኪራይ ቤት ነው። መገናኛቸው ግቢው ራሱ ነው። ሃዋርድ ላይ መሐል ያለው ሣር ሜዳ «ዘ ያርድ» ይባላል። እዚያ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ዛፍ አለው። ከክፍል ወጥተህ የእህቶችህን ዛፍ ካየህ የምትፈልጋትን ልጅ አታጣም። ድምፅም አላቸው፤ የአልፋ ካፓ አልፋ ልጆች ከሩቅ ሲተያዩ «ስኪ-ዊ!» ብለው ይጠራራሉ፤ የዴልታዎቹ «ኡ-ኡፕ!» ነው። እርስ በርስ «ሶሮር» ይባባላሉ። የ20 ዓመት ተማሪና የ80 ዓመት እናት ቢሆኑም አጠራሩ ያው ነው። ተሰልፈው እየዘፈኑ፣ እግር እየመቱ፣ እጅ እያጨበጨቡ የሚጨፍሩትም አለ፤ ስቴፕ ይሉታል። ለእሱ ልምምድ ሌሊት ሌሊት ነው፤ ጠዋት ፈተና ቢኖርም ማለት ነው።

አገባቡ ከባድ ነው። ልጅቷ ውጤቷ ጥሩ መሆን አለበት። የበጎ ፈቃድ ሥራ ሠርታ መገኘት አለባት፣ የምትመሰክርላት ነባር አባልም ያስፈልጋታል። ከዚያ በላይ ደግሞ አፏን መዝጋት ይጠበቅባታል፤ ልገባ ነው ብሎ ማውራት ነውር ነው። የተመረጡት አብረው የሚገቡበት ቡድን «ላይን» ይባላል። በቁመት ይሰለፋሉ፣ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ቅጽል ስም ይወጣላቸዋል። መጨረሻ ላይ ፕሮቤት የሚባለው ምሽት ይመጣል። ልጆቹ ፊታቸውን ሸፍነው፣ አንድ ዓይነት ለብሰው፣ እኩል እየረገጡ ሕዝብ ፊት ይወጣሉ። የመሥራቾቹን ስም አንድ ሳይስቱ በቃላቸው ይጠራሉ፣ ታሪኩን ይወርዱታል። ከዚያ አንድ በአንድ ፊታቸው ይገለጣል። ያን ጊዜ ጩኸቱ አይጣል ነው፤ እናት አባት ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥተው ሲያለቅሱ ታያለህ። አብራ የገባችው ልጅ ላይን ሲስተር ትባላለች። ሲያገቡ ሚዜ የምትሆነው፣ ሲወልዱ ሆስፒታል የምትሮጠው፣ ሥራ ሲጠፋ ስልክ የምትደውለው ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ይህን ሁሉ ካላወቁ ሰዎች ዘንድ አንድ ትልቅ ስሕተት አለ። ሶሮሪቲ ሲመረቁ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። በጥቁሮቹ ዘንድ ያኔ ነው ዋናው የሚጀምረው። ተመራቂዎች በየከተማው የራሳቸው ምዕራፍ (ቅርንጫፍ ማለት ነው) አላቸው፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ይመርጣሉ፤ አባላቸው ስትሞት ነጭ ለብሰው በራሳቸው ሥርዓት ይሸኟታል። ለእኛ ሰው ቶሎ የሚገባው እድር ብንለው ነው። ያላገቡት፣ ጡረታ የወጡት፣ ዳኛዋና አስተማሪዋ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ካማላ ሃሪስ ሃዋርድ ተማሪ ሳለች በ1986 አልፋ ካፓ አልፋ ገባች፤ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስትወዳደር ሮዝና አረንጓዴ የለበሱ ሴቶች በየከተማው የተነሱት ለዚህ ነው። ማኅበሩ ራሱ ለማንም ድምፅ ስጡ አላለም፤ ሴቶቹ ግን እህታቸውን ያውቃሉ።

የሥራቸውን ትልቅነት ለማየት ግን ወደ ሚሲሲፒ መውረድ አለብን። እኔ በበኩሌ ከዚህ ታሪክ የሚበልጥብኝ የለም።

በ1934 የአልፋ ካፓ አልፋ ፕሬዚዳንት አይዳ ጃክሰን ነበረች። ሚሲሲፒ ተወልዳ ካሊፎርኒያ መምህር የሆነች ሴት ናት። በዚያ ክረምት ሚሲሲፒ ገጠር፣ ሌክሲንግተን ከተማ፣ ለጥቁር የገጠር መምህራን ትምህርት ከፈተች። እዚያ ያየችው ግን የታመመና የተራበ ሕዝብ ነበር። ይህ ሕዝብ ከመማሩ በፊት መታከም አለበት ተባለ። በዓመቱ፣ በ1935፣ የጤና ዘመቻው ተጀመረ። መሪዋ ዶክተር ዶሮቲ ፈረቢ ነበረች፤ ዋሽንግተን የምትሠራ፣ ሃዋርድም የምታስተምር ሐኪም።

ሐኪሞቹ፣ ነርሶቹና መምህራቱ የክረምት ዕረፍታቸውን ሰጡ። ባቡር ጣቢያ ትኬት የሚሸጥላቸው አጡ፤ ስለዚህ በራሳቸው መኪና ከዋሽንግተን ተነስተው ደቡብን አቋርጠው ሄዱ። የሚያሳድራቸው ሆቴል በሌለበት፣ መኪና የምትነዳ ጥቁር ሴት ማየት ብዙ ሰው በማይወድበት ዘመን ነው እንግዲህ። ሲደርሱ ሌላ ችግር። ክሊኒክ ሊከፍቱ ያሰቡት ቋሚ ቦታ ላይ ነበር፤ የእርሻዎቹ ባለቤቶች ግን ጥጥ ለቃሚዎቹ ከእርሻ እንዳይወጡ ከለከሉ። እነ ፈረቢ አልተመለሱም። መድኃኒቱን፣ መርፌውን፣ ሚዛኑን መኪና ላይ ጭነው እርሻ ለእርሻ ዞሩ። ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ባገኙበት ሕፃናትን ለፈንጣጣና ለዲፍቴሪያ ከተቡ፤ ጥርስ አዩ፣ እናቶችን ስለ ምግብና ንጽሕና አስተማሩ። እስከ 1942 ድረስ በየክረምቱ ይህንኑ ደገሙት። ያቆማቸው ጦርነቱ ነው፤ ቤንዚንና ጎማ በራሽን ሆነ። እነዚህን ሴቶች አንድ ያደረጋቸው በወጣትነታቸው የገቡበት ማኅበር ነው፤ ሚሲሲፒ አቧራ ውስጥ ደግሞ እህትነቱ እውነት ሆነ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለኛ ሰው ስለሚነካን። ዶክተር ፈረቢ ወደ ሚሲሲፒ በወረደችበት በ1935 ከዚያው ሃዋርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የተመረቀ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ዶክተር መላኩ በየን። ከአንድ ዓመት በፊት ሃዋርድ ካስተማረው ከታሪክ ምሁሩ ሊዮ ሃንስበሪ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤትን አቋቁሟል። ጣልያን በወረረን ጊዜ የጥቁር አሜሪካን ድጋፍ ካሰባሰቡት ዋነኛው እሱ ነው። ዛሬም የኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት የዩ ጎዳናና የዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ ከሃዋርድ ግቢ በእግር የሚደረስ ነው።

የዛሬው በጎ ፈቃድ ሥራ ደግሞ ብዙ መልክ አለው። ከሁሉ የምወደው የዜታ ፋይ ቤታ «ስቶርክስ ኔስት» ነው። ከ1972 ጀምሮ ማርች ኦፍ ዳይምስ ከሚባለው ድርጅት ጋር የሚያካሂዱት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሐኪም ጋ በቀጠሮዋ ስትሄድ፣ የእናቶች ትምህርት ስትከታተል ነጥብ ይያዝላታል። በነጥቡ ደግሞ ከነሱ መደብር ዳይፐር፣ የሕፃን ልብስ፣ አልጋ ትወስዳለች። ልመና የለበትም። እናትየው በራሷ ጥረት ያገኘችውን ይዛ ነው የምትወጣው፤ ሕፃኑም ሳይወለድ ሐኪም አይቶታል። ሲግማ ጋማ ሮ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ዋና ያስተምራል። ለምን ዋና? ጥቁሮች ለብዙ ዘመን ከመዋኛ ገንዳ ተከልክለው ኖሩ። ያልዋኘ ወላጅ ልጁንም አላስተማረም፤ በዚህ የተነሳ በውኃ የሚሞተው የጥቁር ልጅ በዛ። ነገሩን ከሥሩ ያሰበ ሰው ያመጣው ሥራ ነው።

ተማሪዎቹ በየሳምንቱ የሚሠሩት ከዚህ ያነሰ ነው። ምግብ ባንክ ሄደው ጣሳ ይደረድራሉ፣ ሠፈር ውስጥ ያሉ ተማሪዎችን ያስጠናሉ፣ በምርጫ ሰሞን ጠረጴዛ ዘርግተው መራጭ ይመዘግባሉ። ጃንዋሪ ላይ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ብዙዎቹ በሥራ ያሳልፉታል። የሠራሽው ሰዓት ይመዘገባል። አንዳንዷ ለሰዓቱ ብላ ነው የምትመጣው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ቅዳሜ ጠዋት በብርድ አብረው ድንች የመዘኑ ልጆች ከድግሱ በላይ ይቀራረባሉ፤ ለሰዓት ብላ የመጣችውም ብዙ ጊዜ እዚያው ትቆያለች።

መጥፎ ጎን የለም ወይ? አለ። መግቢያው ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር ያልፋል። በዚያ ላይ ልብሱ፣ ዓመታዊው መዋጮ፣ የስብሰባው ጉዞ አለ። የሁለት ሥራ ሠራተኛ ልጅ ይህ ይከብዳታል። ከዚያ የከፋው ማሰቃየቱ ነው፣ ሄዚንግ የሚሉት። አዲስ ገቢን ማስራብ፣ እንቅልፍ መንሳት፣ መምታት። ዘጠኙ ማኅበራት በ1990 አካባቢ የድሮውን የመግቢያ ሥርዓት በይፋ ከልክለዋል፤ ተደብቆ የሚደረገው ግን አልጠፋም፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቶበታል። እህትነት በዱላ ይጠነክራል የሚሉትን ፈጽሞ አልሰማቸውም። የሚሲሲፒዎቹ ሴቶች ማንም ሳይመታቸው ነው ያን ሁሉ መንገድ የነዱት።

ልጃቸው ኮሌጅ ገብታ ሶሮሪቲ ልግባ የምትላቸው የኛ ወላጆች አሉ። ዝም ብሎ እምቢ ማለትም ዝም ብሎ እሺ ማለትም አይጠቅምም። ምዕራፉ በዩኒቨርሲቲው የታወቀ መሆኑን የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ይነግራችኋል። ጠቅላላ ወጪው ስንት እንደሆነ መጀመሪያውኑ ይጠየቅ። ባለፈው ዓመት ምን ሠሩ ብላችሁም ጠይቁ፤ ጥሩ ምዕራፍ ለዚህ መልስ አያጣም። በ2024 መጨረሻ የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ኮሌጆች በማሰቃየት ጥፋተኛ የተባሉ ማኅበራትን ስም ለሕዝብ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ፎርም ከመሞላቱ በፊት ያ ዝርዝር ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ይታይ።