ከሴል የሚወጡ ከረጢቶችና ካንሰር፦ የሚወራውና እውነታው

«ካንሰርን ገና ሳይታይ ከጠብታ ደም የሚለይ ምርመራ ተገኘ» የሚል ወሬ በየጊዜው እንሰማለን። አንዳንዴ ከወሬው ጀርባ ያሉት ሴሎች ወደ ደም፣ ወደ ሽንትና ወደ ምራቅ የሚለቋቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው። ትንንሾቹ፣ ኤክሶዞም የሚባሉት፣ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ ናቸው፤ ባለ 100ውን ወደ 70 ያህል ብትደረድሩ ነው የአንድ ቀይ የደም ሴል ወርድ የሚሞላው። ውስጣቸው ፕሮቲንና አርኤንኤ (የጂንን መልእክት የሚያደርስ ሞለኪውል) አለ፤ ሜታቦላይትም አለ፣ ማለትም ሴሉ ምግቡን ሲጠቀም የሚፈጠሩት አሚኖ አሲድ፣ ላክቴት፣ ስብና የመሳሰሉት ትናንሽ ሞለኪውሎች። ካንሰርን በእነዚህ ቀድሞ የመለየቱ ተስፋ መሠረት አለው፤ ከሚወራው ግን ብዙው መታረም አለበት።

«የሴል ቆሻሻ ናቸው»

ይህን መጀመሪያ ያሉት ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ናቸው። ፒተር ዎልፍ በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ሴሎች) የሚወጡትን «የፕሌትሌት አቧራ» ብሏቸው ነበር። በ1983 በካናዳና በአሜሪካ ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው፣ ያልበሰለ ቀይ የደም ሴል ከእንግዲህ የማያስፈልገውን የብረት መቀበያ በከረጢት ጠቅልሎ ሲጥል አዩ። የቆሻሻው ሐሳብ ይበልጥ ተጠናከረ። በ2007 ከስዊድን ጎተንበርግ የወጣ ሥራ ግን ከረጢቶቹ አርኤንኤ ይዘው ሌላ ሴል ውስጥ እንደሚገቡና መልእክቱ እዚያ እንደሚሠራ አሳየ። በ2016 ደግሞ በዕጢ ዙሪያ ያሉ ደጋፊ ሴሎች በእነዚሁ ከረጢቶች አሚኖ አሲድና ስብ እየላኩ የካንሰር ሴሎችን እንደሚቀልቡ ታየ። ጥራጊ የተባለው ስንቅ ሆኖ ተገኘ።

«ደም ውስጥ ከታዩ ካንሰር አለ ማለት ነው»

አይደለም። ጤነኛ ሴልም ይለቃቸዋል። ደማችን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ከፕሌትሌትና ከሌሎች የደም ሴሎች የመጡ ናቸው፤ ገና ጅምር የሆነ ዕጢ የሚያዋጣው እጅግ ጥቂት ነው።

«ካንሰር ስኳር ስለሚወድ የደም ስኳርን ወይም ላክቴትን መለካት ይበቃል»

ግማሽ እውነት አለው። ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ እንዳሳየው ብዙ የካንሰር ሴሎች ኦክስጅን እያለም ግሉኮስን ወደ ላክቴት ይለውጣሉ። ፔት ስካን የሚባለው ዕጢን በምስል የሚያሳይ ምርመራ የሚሠራውም ዕጢው ግሉኮስ አብዝቶ ስለሚወስድ ነው። ደም ውስጥ ያለው ላክቴት ግን ደረጃ በሩጫ ስትወጡም ይጨምራል፤ የደም ስኳርን ደግሞ ጉበትና ኢንሱሊን ይቆጣጠሩታል። በደም የሚዋኘው ሜታቦላይት የመላው አካል ድምር ነው፤ ከረጢቱ ግን ከአንድ ሴል ታሽጎ የወጣ ስለሆነ የዚያን ሴል ሁኔታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የተመራማሪዎቹ ጉጉት ከዚህ ነው። (ስኳር በመተው ዕጢን ማስራብ አይቻልም፤ ጉበት ግሉኮስ ራሱ ይሠራል።)

«ከደም ለይቶ ማውጣቱ ቀላል ነው»

ሥራው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ላብራቶሪ የሠራ ሰው ቅቤ የበዛበት ወጥ በልቶ የመጣን ሰው ደም ያውቀዋል፤ ሴንትሪፊውጅ በሚባለው ማሽን በፍጥነት ተሽከርክሮ ከተለየ በኋላ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ብጫ መሆኑ ቀርቶ ወተት ይመስላል። ነጭ ያደረጉት የስብ ጠብታዎች ናቸው። እነዚህና በደም የሚመላለሱት ሌሎች የስብ ተሸካሚዎች ከከረጢቶቹ በቁጥር እጅግ ይበልጣሉ፤ ከፊሎቹ በመጠን፣ ከፊሎቹ በእፍጋት ከከረጢቶቹ ጋር ስለሚመሳሰሉ በአንድ ማጣሪያ አይለዩም። ስለዚህ «የከረጢት ስብ» ተብሎ የተለካው የምሳ ስብ ሊሆን ይችላል።

አሁን የካንሰር ታማሚዎቹ ናሙና ከቀዶ ሕክምና በፊት በባዶ ሆዳቸው፣ የጤነኞቹ ደግሞ ከቁርስ በኋላ ተወሰደ እንበል። ናሙናውን የሚለካው ማሽን በሁለቱ ወገን መካከል ግልጽ ልዩነት ያያል። ያገኘው ግን ቁርስን ነው። በሁዳዴ የተወሰደን ናሙና በፋሲካ ማግስት ከተወሰደ ጋር ማወዳደርም እንደዚሁ ነው። በዚያ ላይ ደሙ ሳይለይ ጠረጴዛ ላይ በቆየ ቁጥር ፕሌትሌቶች ቱቦው ውስጥ አዲስ ከረጢት መልቀቃቸውን ይቀጥላሉ። እንዲህ ያለ ጥናት ሳነብ ከውጤቱ በፊት ደሙ መቼና እንዴት እንደተቀዳ የሚናገረውን ክፍል የምፈልገው ለዚህ ነው።

«ጥናቱ 95 በመቶ ትክክል ካለ አለቀ»

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ምርመራ ከታመሙት 90 በመቶውን ይይዛል፣ ከጤነኞቹ 95 በመቶውን ነፃ ይላል እንበል። ጥናቱ 100 ታማሚና 100 ጤነኛ ቢይዝ፣ «ካንሰር አለብህ» ከተባሉት 95 ሰዎች 90ዎቹ በእርግጥ ታመዋል። ያማረ ውጤት ነው። ያንኑ ምርመራ ምንም ሕመም ወደማይሰማቸው 10,000 ሰዎች ውሰዱት፤ ከእነሱ 50ዎቹ ካንሰር ቢኖርባቸው 45ቱን ያገኛል፣ ከ9,950ዎቹ ጤነኞች ግን ወደ 500 የሚሆኑትን በሐሰት ያስደነግጣል። አሁን «አለብህ» ከተባሉ 12 ሰዎች የታመመው አንድ ያህሉ ብቻ ነው። የቀሩት ለስካንና ለባዮፕሲ (ከሰውነት ቁራጭ ተወስዶ ለሚደረግ ምርመራ) ወረፋ ይይዛሉ፤ እንቅልፍም ያጣሉ።

«ቀድሞ መገኘቱ ምንጊዜም ነፍስ ያድናል»

ብሪታንያ ውስጥ ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የእንቁልጢ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጥናት በ2021 የመጨረሻ ውጤቱ ታወቀ። በየዓመቱ ደማቸውን የሰጡት ሴቶች ካንሰር ቀደም ባለ ደረጃ ተገኝቷል፤ የሞቱት ቁጥር ግን በጉልህ አልቀነሰም። በደቡብ ኮሪያም የታይሮይድ ካንሰር በ2011 ከ1993ቱ 15 እጥፍ ያህል ተገኘ፤ የሟቾቹ ቁጥር ባለበት ቆየ።

«ምርመራው አሁን አለ»

ከከረጢት ጋር የተያያዘና ሐኪሞች የሚያዙት ምርመራ አሜሪካ ውስጥ አለ፤ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆነና ፒኤስኤያቸው (ከፕሮስቴት ወጥቶ በደም የሚለካው ፕሮቲን) ከ2 እስከ 10 ናኖግራም በሚሊሊትር ለሆነ ወንዶች ነው። ሽንት ውስጥ ካሉ ኤክሶዞሞች የሦስት ጂኖችን አርኤንኤ ይለካል፤ ሥራውም የፕሮስቴት ባዮፕሲ ይደረግ ወይስ ይቆይ የሚለውን ለመወሰን መርዳት ነው። ሜታቦላይት አይለካም። በከረጢት ሜታቦላይት ካንሰርን ቀድሞ የሚለይ ምርመራ ገና ከላብራቶሪ አልወጣም፤ «አለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ በየትኞቹ ሰዎች ላይ እንደተሞከረ ጠይቁት።

አገር ቤት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የተዘጋጀው ቅድመ ምርመራ ግን ሴንትሪፊውጅም አያስፈልገውም። የማህጸን በር ካንሰር ምርመራ ነው። ባለሙያዋ የማህጸን በርን ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ ትቀባለች፣ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፣ ከዚያ በዓይኗ ታያለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ሕክምናው እዚያው በዚያው ቀን ይሰጣል።