የቦስኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ነው? የሃሪስ ሲላይጂች ማዕረጎች

የቦስኒያው ፖለቲከኛ ሃሪስ ሲላይጂች አንድ ቦታ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሌላ ቦታ ተባባሪ ሊቀመንበር፣ ሌላ ቦታ ደግሞ የፕሬዚዳንትነቱ አባል ተብለው ይጠቀሳሉ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የተለወጠው ሕገ መንግሥቱ ነው።

ከ1993 እስከ 1996 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጦርነት የታመሰችው ሪፐብሊክ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ጦርነቱን ያስቆመው የ1995ቱ የዴይተን ስምምነት አራተኛ አባሪ አዲስ ሕገ መንግሥት ሆነ፤ የማዕከላዊው መንግሥት መሪም «የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀመንበር» ተባለ። መጀመሪያ ወንበሩ ለሁለት ተከፍሎ ስለነበር ሲላይጂች ከ1997 እስከ 2000 ከሰርብ ተባባሪያቸው ጋር መሩት። ቀጥሎ በየስምንት ወሩ መፈራረቅ መጣ። ሙሉ የአራት ዓመት ዘመን የተጀመረው በ2002 መጨረሻ በአድናን ቴርዚች ነው። ዛሬ ሊቀመንበሩን የሚያጨው ፕሬዚዳንትነቱ ሲሆን 42 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቀዋል።

ፕሬዚዳንትነቱ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቦስኒያክ፣ አንድ ክሮአትና አንድ ሰርብ በጋራ ርእሰ ብሔር ይሆናሉ። ሲላይጂች ከ2006 እስከ 2010 የቦስኒያኮቹን መቀመጫ ያዙ፤ ያን ጊዜ መንግሥት አልመሩም።

ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ከማዕከላዊው መንግሥት በታች ካለው እርከን ነው። አገሪቱ የተከፈለችባቸው ሁለቱ ክልሎች፣ ፌዴሬሽኑም ሆነ ሪፐብሊካ ስርፕስካ፣ የየራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር አላቸው። ስለዚህ ዜና ላይ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ስታነቡ የማን እንደሆነ አጣሩ። «ቦስኒያዊ» ማንኛውም የአገሩ ዜጋ ነው፤ «ቦስኒያክ» ግን በአብዛኛው ሙስሊም የሆነው ሕዝብ መጠሪያ ነው።