ሳምፕለር ምንድን ነው?

በመስታወት የተከለለ፣ ያረጀ የተልባ እግር ጨርቅ ነው። በሐር ክር ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ ዛፎችና ወፎች ተጠልፈውበታል። ከግርጌው የአንዲት ልጅ ስም፣ ዕድሜዋና ሥራውን የጨረሰችበት ዓመት ይነበባል፤ ስምንት ወይም አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ናት። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚየሞች የሚታየው ይህ የጥልፍ መልመጃ ሳምፕለር ይባላል። የቃሉ ምንጭ ላቲን ሲሆን ትርጉሙም «አብነት» ነው።

ጥንት የልጆች ሥራ ብቻ አልነበረም። የንድፍ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ጠላፊዋ የወደደችውን ንድፍ እንዳትረሳው በጠባብና ረጅም ጨርቅ ላይ ትጠልፈውና ጠቅልላ ታስቀምጠው ነበር። ዓመት ከተጠለፈባቸው የእንግሊዝ ሳምፕለሮች ቀዳሚው ጄን ቦስቶክ እ.ኤ.አ. በ1598 የሠራችው ሲሆን፣ ዛሬ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። አሊስ ሊ የተባለች ሕፃን በኖቬምበር 23 ቀን 1596 ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መወለዷን ይናገራል። የልደት ምስክር ወረቀት በክር ማለት ነው!

በ18ኛው መቶ ዘመን ሳምፕለር የልጃገረዶች ትምህርት ሆነ። ፊደሉ ለምን አስፈለገ? አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ውድ ንብረት ስለነበሩ፣ በአጠባ ጊዜ እንዳይቀላቀሉና እንዳይጠፉ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደልና ተራ ቁጥር ይጠለፍ ነበር። ይህን የምትችል ልጅ በሰው ቤት ለመቀጠር አትቸገርም። ለሀብታም ልጅ የግድግዳ ጌጥ የሆነው ጨርቅ ለድሃዋ የሙያ ማስረጃ ነበር።

በአሮጌዎቹ ላይ ጄ (J) እና ዩ (U) የተባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብዙ ጊዜ የሉም። ልጅቷ ረስታቸው አይደለም፤ ያኔ ከአይ (I) እና ከቪ (V) ተለይተው አይቆጠሩም ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ዓመቱ የነበረበት ቦታ ክሩ ተፈትቷል። ባለቤቲቱ ካደገች በኋላ ዕድሜዋ እንዳይቆጠርባት ያደረገችው ነው ይባላል። አልፈርድባትም።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን አንድም አበባ የሌለበት ነው። የሰሴክስ ተወላጅ የሆነችው ኤልዛቤት ፓርከር በ1830 ገደማ በቀይ ሐር፣ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን መስቀለኛ ስፌት ታሪኳን ጠልፋበታለች። በዚያ ዘመን ማንበብ የተማሩ ብዙ ልጃገረዶች ብዕር መያዝ አይማሩም ነበር፤ እርሷም «መጻፍ ስለማልችል» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ለሰው በአፍ እንደምትናገር አድርጋ፣ አሠሪዋ ያደረሰባትን ግፍና ራሷን ለማጥፋት ማሰቧን ፊደል በፊደል ትተርካለች። ጽሑፉ «ነፍሴስ ምን ትሆናለች» የሚለው ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። የቀረው የጨርቁ ክፍል ባዶ ነው። ኤልዛቤት ግን በኋላ አስተማሪ ሆና ከ70 ዓመት በላይ ኖራለች።