በጥርስ ሥር የሚወጣ ሲስት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ካላመመኝ ምንም የለብኝም»
ሲስት ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። በመቦርቦር ወይም በቆየ ምት ምክንያት ነርቩ የሞተ ጥርስ ሥር ላይ ይፈጠራል፤ ሳያምም ለዓመታት አጥንቱን እየበላ ሊያድግ ይችላል። ሕመሙ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሲያመረቅዝ ነው።

«ኤክስሬዩ ሲስት ነው ብሏል»
ኤክስሬይ የሚያሳየው አጥንት የሳሳበትን ጥቁር ክብ ብቻ ነው። ግራኑሎማ የሚባለው ቁስለትም መልኩ ያው ነው። መጠኑ ሲተልቅ ሲስት የመሆን ዕድሉ ይጨምራል እንጂ ቁርጡ የሚታወቀው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፈጽሞ መዘለል የሌለበት ቀላል ምርመራ አለ። በማቀዝቀዣ ስፕሬይ የረጠበ ጥጥ ጥርሱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይደረግና ስሜቱ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ጥርስ ጋር ይነጻጸራል። ቅዝቃዜው ከተሰማው ነርቩ ሕያው ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ለጥቁሩ ክብ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። በተለይ በታችኛው የፊት ጥርሶች ሥር፣ ሕክምና የማይሻ የአጥንት ለውጥ ልክ እንደዚህ ሆኖ ይታያል። ይህን ሳያጣሩ ጥርሱን መክፈት ጤነኛ ነርቭ መግደል ነው።

«አንቲባዮቲክ ያጠፋዋል»
ነርቩ በሞተበት የጥርስ ሥር ቦይ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ መድኃኒቱም ባክቴሪያው ጋ አይደርስም። የሚያስፈልገው እብጠቱ ሲዛመት ወይም ትኩሳት ሲኖር ነው፤ ያኔም ምንጩን ከማጽዳት ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም።

«መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ወይም መንቀል ነው»
ሊድን የሚችል ጥርስ መጀመሪያ የሚሠራለት የሥር ቦይ ሕክምና ነው። ጥርሱ በላስቲክ ከምራቅ ይለያል፤ የቦዩ ርዝመት ይለካል፤ ፋይል በሚባሉ ቀጫጭን መሣሪያዎች ተጠርጎ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በሚባል ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይታጠባል። የማጠቢያው መርፌ ከሥሩ ጫፍ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መለስ ማለት አለበት፤ ፈሳሹ ተገፍቶ ከጫፉ ካለፈ ሥጋውን ያቃጥላል፣ ፊትንም በድንገት ያሳብጣል። በመጨረሻ ቦዩ ይሞላል፤ ላዩም በደንብ ይደፈናል። አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ኤክስሬዩ በ6 ወርና በ1 ዓመት ይደገማል። ክቡ እየጠበበ ከሄደ እስከ 4 ዓመት መታገሥ ይቻላል።

ካልጠበበ ወይም ከሰፋ ድዱ ተከፍቶ ከረጢቱ ይወጣል፤ የሥሩ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆረጣል፤ ምክንያቱም ቅርንጫፍ ቦዮች የሚበዙት እዚያ ነው። የቀረው ጫፍም ይደፈናል። የወጣው ሥጋ የግድ ወደ ፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ ክፍል) መላክ አለበት፤ አሜሎብላስቶማ የሚባለው ዕጢም በኤክስሬይ ሲስት ሊመስል ይችላል።

«ጥርሱ ተነቅሏል፤ አበቃ»
ከረጢቱ ተፍቆ ካልወጣ ጥርስ በሌለበት አጥንት ውስጥ ማደጉን ሊቀጥል ይችላል።