ሌቭል በስት ምንድን ነው? አብራሪዎች ከተፈቀደላቸው ከፍታ እንዴት ይስታሉ?

አውሮፕላን ሰማይ ላይ በፈለገው ከፍታ አይሄድም። መሬት ላይ ያለው ኮንትሮለር በሬዲዮ "እስከ 14 ሺህ ጫማ ውጣ" ካለ 14 ሺህ ላይ ቀጥ ማለት ነው፣ ሌላ ነገር እስኪባል ንቅንቅ የለም። አብራሪዎቹ ይቺን ቁጥር አልፈው ሲወጡ፣ ወይ ከሷ በታች ሲወርዱ፣ ወይ ይዘውት ከነበረው ከፍታ ሳያውቁት ሲንሸራተቱ ሌቭል በስት ይባላል፣ አልቲቲዩድ ዲቪየሽን የሚሉትም አሉ፣ ያው ነው። ምን ያህል ሲስቱ ነው እንዲህ የሚባለው ካላችሁ በአብዛኛው 300 ጫማ ነው መለኪያው፣ 90 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሌላው አውሮፕላን 1,000 ጫማ ብቻ ከላይህ ወይ ከታችህ ሊሆን ይችላል። ድሮ ከ29 ሺህ ጫማ በላይ ክፍተቱ 2,000 ነበር፣ በፈረንጆቹ 1997 ሰሜን አትላንቲክ ላይ ተጀምሮ ቀስ በቀስ በየአህጉሩ ወደ 1,000 ወረደ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ፓይለቱ ተኝቶ ነው ወይ መንዳት አይችልም ምናምን ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አውሮፕላኑ የታዘዘውን በትክክል ነው ያደረገው፣ የተሳሳተው ቁጥሩ ነው። ኦቶፓይለቱ፣ ማለትም አውሮፕላኑን በራሱ የሚነዳው መሣሪያ ላይ ከፍታውን የሚሞላው ሰው ነው፣ 11 ሺህ ብለህ ከሞላህ 11 ሺህ ላይ ልክክ ብሎ ይቆምልሃል፣ የተባልከው 10 ሺህ ከሆነ እሱ ምን አገባው። የ10 እና የ11 ሺህ ነገር ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አብራሪዎች ራሳቸው በሚልኳቸው የስህተት ሪፖርቶች ላይ በጣም የታወቀ ጥንድ ነው። ሬዲዮ ላይ "ዋን ዜሮ" እና "ዋን ዋን" ይባላሉ፣ ኮንትሮለሩ አቅጣጫውንም ፍጥነቱንም ከፍታውንም ባንድ ትንፋሽ ሲያዥጎደጉደው ጆሮ የጠበቀውን ይሰማል።

ለዚህ ነው አብራሪ የተባለውን ቁጥር መልሶ እንዲናገር የሚገደደው፣ ሪድባክ ይሉታል። ኮንትሮለሩ ይሰማና ከተሳሳተ ያርማል። ወረቀት ላይ ሲያዩት የማይሳሳት ነገር ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ትልቁ ቀዳዳ እዚሁ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ሰሚውም ሰው ነው፣ ልክ ነው ብሎ ያሰበውን ነው የሚሰማው። በፌብሩዋሪ 1989 የፍላይንግ ታይገር ካርጎ ቦይንግ 747 ከሲንጋፖር ወደ ኳላላምፑር ሊያርፍ ሲል ኮንትሮለሩ ወደ 2,400 ጫማ ውረዱ ለማለት "ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ" አላቸው። "ቱ" ሁለትም ነው፣ "ወደ"ም ነው። እነሱ ወደ 400 ውረዱ የተባሉ መሰላቸው፣ "ኦኬ ፎር ዜሮ ዜሮ" ብለው መለሱ፣ ያረማቸው የለም። ከባህር ወለል በላይ 437 ጫማ ላይ ከአንድ ኮረብታ ጋር ተላተሙ። አራቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ።

ሁለተኛው መንገድ አልቲሜትሩ ነው። ይሄ መሣሪያ ከፍታን የሚለካው በአየር ግፊት ስለሆነ የአካባቢው ግፊት ካልተሞላለት ይዋሻል፣ በአሜሪካኖቹ የግፊት መለኪያ አንድ ኢንች ስህተት 1,000 ጫማ ገደማ ያስታል። እኛ ሀገር ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም፣ ቦሌ ራሱ ከባህር ወለል 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ10 ሺህ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ 1,000 ጫማ የሳተ ሰው የሚያሳስበው ሌላ አውሮፕላን ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ሐሳብ መበተን ነው። ዲሴምበር 1972 የአሜሪካው ኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ማያሚ አጠገብ 2,000 ጫማ ላይ ኦቶፓይለት ላይ ሆኖ ሠራተኞቹ ጎማው መውረዱን የምታሳይ የተቃጠለች አንዲት አምፖል ሲመረምሩ መሪው ተነካና የኦቶፓይለቱ ከፍታ መያዝ ጠፋ፣ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ወረደ። ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ልብ ያለው የለም። ራዳር ላይ 900 ጫማ ያየው ኮንትሮለርም ነገሩ እንዴት እየሆነላችሁ ነው ብሎ ብቻ ጠየቃቸው። ረግረጉ ላይ ወደቁ፣ ከ100 ሰው በላይ ሞተ።

ከሁሉም የከፋው ግን ህንድ ውስጥ ቻርኪ ዳድሪ ላይ ኖቬምበር 12 ቀን 1996 የሆነው ነው። የሳዑዲ 747 ከዴልሂ ተነስቶ ወደ ላይ እየወጣ 14 ሺህ ላይ ቆይ ተብሏል፣ የካዛኪስታን ኢሊዩሺን 76 ደግሞ ከቺምኬንት መጥቶ እየወረደ 15 ሺህ ላይ ቁም ተብሏል። በመሃል 1,000 ጫማ አለ፣ በቂ ነው። የዴልሂ ራዳር በዚያን ጊዜ ከፍታ አያሳይም፣ ኮንትሮለሩ የሚያውቀው በሬዲዮ የሚነገረውን ብቻ ነው፣ የሚገባውም የሚወጣውም ደግሞ በአንድ መስመር ነበር። ከካዛኪስታኑ አውሮፕላን ሬዲዮ የሚያወራው አብራሪው ሳይሆን የሬዲዮ ሠራተኛው ነው፣ የራሱ አልቲሜትር እንኳን ስላልነበረው በአብራሪዎቹ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ነው የሚያየው። 15 ሺህ ደርሰናል ሲሉ 14,500 ላይ ነበሩ፣ አሁንም እየወረዱ። ኮንትሮለሩ ፊት ለፊታችሁ ሳዑዲ አለ ብሎ ነገራቸው፣ ብዙም ሳይቆይ ተጋጩ። በሁለቱም አውሮፕላን የነበሩት 349 ሰዎች አለቁ። ሳዑዲው ላይ ለሥራ የሚሄዱ ህንዶች ብዙ ነበሩ፣ ወደ ዓረብ ሀገር ሰው የሸኘ ቤተሰብ ይሄን ለማሰብ ሩቅ አይሆንበትም። ምርመራው ጥፋቱን ያለፈቃድ ከ15 ሺህ በታች በወረደው አውሮፕላን ላይ አደረገ፣ የሠራተኞቹ እንግሊዝኛ ደካማ መሆኑንም አነሳ። ከዚያ በኋላ ህንድ ቲካስ የሚባለውን ግጭት አስጠንቃቂ መሣሪያ ግዴታ አደረገች።

ዛሬ ኮክፒት ውስጥ፣ አብራሪዎቹ በሚቀመጡበት ክፍል፣ አንዱ ቁጥሩን ሲሞላ ሌላው አይቶ ጮክ ብሎ ያረጋግጣል፣ ሊደርሱ ሲሉም "አንድ ሺህ ቀረ" ይባላል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በፍጥነት መውጣትም መውረድም አይመከርም፣ የጎረቤቱን ቲካስ በከንቱ ያስጮሃል። ሌላው አሪፍ ነገር፣ አንዳንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ለንደን፣ አብራሪው ኦቶፓይለቱ ላይ የሞላው ቁጥር ኮንትሮለሩ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ 10 ተብሎ 11 የሞላ ሰው ገና ሳይደርስበት ይያዛል። ቁጥሩን በትክክል ሞልቶ በእጁ እየነዳ ያለፈውን ግን ይሄም አይዘውም።